«ዲግሪሽን ማድቤት አትቅበሪው» ላለችው እህቴ፣ ቤት ከምትውል እናት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ዲግሪሽን ማድቤት አትቅበሪው» የሚል ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ነበር፣ ለኔም ከተለያየ ሰው ደርሶኛል፣ አንዳንዱ «አየሽ አይደል?» ለማለት ነው የላከው አንዳንዱ ደሞ «ምን ትያለሽ?» ብሎ። ላላነበባችሁት ባጭሩ የሚለው እንዲህ ነው፦ ተምራ ስታበቃ ልጅ ላሳድግ ብላ ስራ የምታቆም ሴት ትምህርቷን ታባክናለች፣ ቤት የምትሰራው ነገር ለኢኮኖሚው ምንም አይጨምርም፣ የባል እጅ ጠባቂ ትሆናለች፣ ሰራተኛ መቅጠር እየተቻለ የምን ቤት መዋል ነው፣ ባደጉት አገሮች እንዲህ ያለ ነገር ድሮ ቀርቷል፣ ሴት ልጇም ከሷ ጥገኝነት ትማራለች፣ «ደስተኛ ነኝ» ስትልም ራሷን እያታለለች ነው፣ በመጨረሻ ልጆቹ ሲያድጉ ባዶ እጇን ትቀራለች።

እኔ በአካውንቲንግ ተመርቄ አንድ የግል ባንክ ውስጥ ዓመታት ሰርቼ ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ስራ ያቆምኩ አዲስ አበባ የምኖር እናት ነኝ። ጸሐፊዋን በክፉ አላያትም፣ ሴቶች እንዳይጎዱ ብላ እንደጻፈችው ከአጻጻፏ ያስታውቃል፣ ከተናገረችው ውስጥ እኔም የምስማማበት አለ እሱንም ቦታው ላይ ስደርስ እናገራለሁ። ግን አብዛኛው ነገር ቤቱን ከውጪ ሆኖ ያየ ሰው ወሬ ነው የሆነብኝ፣ ስለዚህ በየተራ ልመልስ።

«ትምህርቷን ታባክናለች»። «መንግስት ያስተማራት ልጅ» የሚል ነገርም አለበት። እህቴ፣ የወጪ መጋራቱን ከደሞዜ እየተቆረጠ ከፍዬ ጨርሻለሁ፣ የማንም ዕዳ የለብኝም። ደሞስ ትምህርት ቢሮ ወንበር ላይ ካልተቀመጡ የሚተን ነገር ነው እንዴ? የቤታችንን በጀት የምይዘው እኔ ነኝ፣ የሰፈራችን እድር ሂሳብ ያዥ ነኝ፣ ታች ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ሐምሌ በመጣ ቁጥር መዝገቧን ተሸክማ እኔ ጋ ነው የምትመጣው። የልጄ የክትባት ካርድ ላይ የተጻፈውን አንብቤ ነርሷን «ይሄኛው ለምን ዘለለ?» ብዬ መጠየቅ የቻልኩት በዛው ትምህርት ነው። በዚህ ብዙ አልቆይም።

«ለኢኮኖሚው ምንም አይጨምርም»። ይሄኛው ወደ ሙያዬ ስለሚጠጋ ትንሽ ልቆይበት። የአገር ጠቅላላ ምርት ሲሰላ ሰው ለገዛ ቤተሰቡ የሚያበስለው፣ የሚያጥበው፣ ልጅ የሚንከባከብበት ጊዜ አይደመርም፣ እውነት ነው። ግን እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት አርተር ፒጉ ገና የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ የዚህን አቆጣጠር ችግር አሳይቶታል፦ አንድ ሰው ደሞዝ እየከፈለ ቤቱን የምታስተዳድርለትን ሴት ቢያገባት የአገሪቱ ገቢ በወረቀት ይቀንሳል አለ፣ ቤቱ ውስጥ የሚሰራው ስራ ግን አንዲት ነገር አልተጓደለበትም። ስለዚህ «አልተቆጠረም» እና «ዋጋ የለውም» አንድ አይደሉም። እኛ አገርም ማዕከላዊ ስታትስቲክስ በ2005 ዓ.ም ሰው ቀኑን በምን በምን እንደሚያሳልፈው ጊዜ አጠቃቀም የሚል ጥናት አካሂዷል፣ ያንን ያደረገው እኮ ያልተከፈለበት ስራ እንዲታይ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። በርበሬ። ድሮ ስሰራ ተፈጭቶ የተዘጋጀ ነበር የምገዛው። አሁን መርካቶ በርበሬ ተራ ሄጄ የማረቆ ዛላ መርጬ ነው የምገዛው፣ ከዛ እንቀነጥሰዋለን፣ ይታጠባል፣ ይሰጣል፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ይደለዛል፣ እንደገና ይደርቃል፣ ኮረሪማው ጥቁር አዝሙዱ በሶብላው ነጭ አዝሙዱ በልኩ ታምሶ ይገባና ወፍጮ ቤት ይሄዳል፣ እኔም ወፍጮው ጋ ቆሜ አስፈጫለሁ። በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር ቀላቅለው ሲሸጡ ተያዙ የሚል ዜና ስንት ጊዜ ሰምተናል? ልጆቼ የሚበሉት ወጥ ውስጥ ምን እንዳለ አውቃለሁ። ሽሮውም እንደዛው፣ አተሩን ለቅሜ ቆልቼ አስከክቼ ነው። ከገበያ ዋጋ ጋር አስተያይቼ የማስቀረውን ብር በደብተሬ እይዘዋለሁ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ እና ትንሽ ብር አይደለም። በዛ ላይ የታክሲ፣ የምሳ፣ የሞግዚት፣ የቢሮ ልብስ ሲቀነስ ከደሞዜ ይተርፈኝ የነበረውን ሳስብ ከኛ ቤት ሂሳብ አንጻር የተዛባ ውሳኔ አልወሰንኩም። የኛ ቤት ነው ያልኩት፣ የሁሉም ቤት እንዲህ አይደለም። በአንድ ደሞዝ የቤት ኪራይ እንኳን መክፈል የማይችል ስንት ቤተሰብ አለ፣ እናትየው ብትፈልግም ቤት መዋል አትችልም፣ ይሄንን ሳልናገር ባልፍ ትክክል አይሆንም።

«የባል እጅ ጠባቂ ትሆናለች»። በዚህ ላይ ግማሹን እቀበላለሁ ግማሹን አልቀበልም።

የማልቀበለው፦ ጸሐፊዋ የባል ደሞዝ የባል ብቻ እንደሆነ አድርጋ ነው የምትጽፈው። ህጉ እንደዛ አይልም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ነበር፣ ያ ግን በ1992 ዓ.ም በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ህግ፣ አዋጅ 213፣ ተለውጧል። ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው ይላል፣ ንብረቱ በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳን የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ተብሎ ይቆጠራል፣ ፍቺ ቢመጣ የጋራው እኩል ይካፈላል። አንዷ ቤት ስለዋለች ድርሻዋ ያንሳል የሚል ነገር የለውም። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ህግ ስላላቸው ያላችሁበትን ማየት ጥሩ ነው። እኔ የባሌን ደሞዝ ስጠቀም ምጽዋት እየተቀበልኩ አይደለም፣ እሱም እንደዛ አያስብም፣ ቢያስብ ኖሮ መጀመሪያውኑ ስራዬን አላቆምም ነበር።

የምቀበለው ደሞ ይሄ ነው፦ ህጉ ወረቀት ላይ ስላለ ብቻ ሴት አትድንም። ስራ ለማቆም የምታስቢ እህት ካለሽ ሳታቆሚ በፊት ተነጋገሩ፣ አካውንቱ የጋራ ይሁን፣ የቤቱ ካርታ ላይ ስምሽ ይኑር፣ በስምሽ እቁብ ግቢ። በተለይ ጡረታ። ተቀጥረሽ ስትሰሪ ካንቺ 7 በመቶ ከቀጣሪሽ 11 በመቶ ይገባልሽ ነበር፣ ስታቆሚ ያ ይቆማል፣ ማንም አይተካልሽም። እኛ ቤት በየወሩ በኔ ስም የሚቀመጥ ቁጠባ ያለው ለዚህ ነው፣ ከወጪዎቻችን መጀመሪያ የሚወጣውም እሱ ነው። ባል ይሄንን ሲሰማ ፊቱ ከተለወጠ ስራሽን እንዳታቆሚ፣ ይሄንን ከልቤ ነው የምልሽ።

«ሰራተኛ መቅጠር እየተቻለ»። እዚህ ጋ ነው በጣም ያዘንኩት። ጽሑፉ ሙሉውን ስለ ሴቶች መብት እያወራ እዚህ አንቀጽ ላይ ሲደርስ «በወር ትንሽ ብር ሰራተኛ ታገኛለሽ» ብሎ ያልፋል። ያቺ ትንሽ ብር የሚከፈላት ማናት? ሴት አይደለችም እንዴ? ብዙ ጊዜ ከገጠር በደላላ የመጣች ገና ያልጠናች ልጅ ናት፣ የማታ ትምህርት እማራለሁ ብላ የመጣች፣ ለናቷ ብር የምትልክ። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ 1156/2011 የግል ቤት ሰራተኛን በሽፋኑ ውስጥ አያካትትም፣ በደንብ ይወሰናል ብሎ ነው የተዋት። የወሊድ ፈቃድ በሉት የዓመት እረፍት በሉት የስራ ሰዓት በሉት፣ አንቺና እኔ ቢሮ ስንሰራ የነበረን ነገር በዚያ አዋጅ ለሷ የለም። የተማረችዋ ሴት ነጻ ወጣች የሚባለው ሌላዋ ምንም ዋስትና ሳይኖራት ቤቷን ይዛላት ከሆነ፣ ይሄ የሴቶች ድል ነው ብሎ ለመጻፍ ትንሽ ቆም ማለት ይፈልጋል።

ሰራተኛ አትቅጠሩ እያልኩ አይደለም፣ እኔም ቀጥሬ አውቃለሁ፣ መጀመሪያ ልጄን ያሳደገችልኝ ልጅ እስካሁን ትደውልልኛለች፣ አሁን ቤይሩት ናት። ጎበዝ ልጅ ነበረች፣ ልጄም ይወዳት ነበር። ግን እሷም የራሷ ህይወት ነበራት፣ አንድ ቀን መሄዷ አይቀርም ነበር፣ ሄደችም፣ ከዛ ሌላ መጣች፣ ከዛ ሌላ፣ እና ልጄ በየጊዜው አንድ ሰው ይለምድና ሰውየዋ ትሄዳለች። ማታ ከታክሲ ሰልፍ ተርፌ ቤት ስደርስ እንቅልፍ ወስዶት ነው የማገኘው። አንድ ቀን ከኔ እቅፍ ወደ ሞግዚቷ ሲሸሽ አየሁትና በዛ ሳምንት ለባሌ «ሁለተኛ ከወለድኩ እንዲህ አልደግመውም» አልኩት። ይሄንን ስናገር የሚሰሩ እናቶችን ለመውቀስ አይደለም፣ እናቴም አስተማሪ ነበረች፣ በጥሩ አሳድጋናለች። የኔ ልጅ፣ የኔ ቤት፣ የኔ ልብ የነገረኝን ነው የማወራው።

የወሊድ ፈቃዱንም አብራችሁ አስቡት። ከወሊድ በፊት 30 የስራ ቀን ከወሊድ በኋላ 90 የስራ ቀን ነው፣ ከበፊቱ ተሻሽሏል፣ ድሮ ከወሊድ በኋላ ያለው 60 ቀን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ደሞ ስድስት ወር ሙሉ የእናት ጡት ብቻ ስጡ ይላል። ሁለቱን አስተያዩና ልዩነቱን እዩት፣ 90 የስራ ቀን ስድስት ወር አይሞላም። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ስመለስ መስሪያ ቤቱ ውስጥ ወተት የሚታለብበት ክፍል ስላልነበረ እቃ ቤት ነበር የምገባው። ለአባትየውስ? በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ ሶስት ቀን። በሶስት ቀን ውስጥ ገና የአራስ ገንፎ እንኳን በልተን አልጨረስንም።

«ባደጉት አገሮች ድሮ ቀርቷል»። አልቀረም። ስዊድን ለአንድ ልጅ ለወላጆች 480 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ ትሰጣለች፣ እናትና አባት ይካፈሉታል። ጀርመን ውስጥ ወላጅ ለአንድ ልጅ እስከ 3 ዓመት ከስራ ተለይቶ ቤት ቢቆይ ስራው በህግ ይጠበቅለታል። እነዚህ አገሮች ትንሽ ልጅ ወላጁ አጠገቡ መሆኑ ጥቅም አለው ብለው ገንዘብና ህግ ያወጡበት ነው። አሜሪካን ካነሳሽ ደሞ በፌደራል ህግ ያለው በ1993 እንደ ፈረንጆቹ የወጣ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው፣ እሱም ለሁሉም ሰራተኛ አይደለም፣ ስለዚህ እዛ ያሉ ዘመዶቻችን አንዱ ቀን አንዱ ማታ እየሰሩ ልጅ የሚቀባበሉት ወደው አይደለም። እኔ ከዚህ አገር ሆኜ የምቀናው በስዊድኗ እናት ነው።

«ሴት ልጇ ጥገኝነት ትማራለች»። ልጄ ምን እንደምታይ ልንገርሽ። አባቷ ማታ ማታ እሷንና ወንድሟን ሲያጥብ ታያለች። ወንድሟ ሽንኩርት ሲልጥ ታያለች፣ ያለቅሳል ግን ይልጣል። እናቷ የቤቱን ወጪ ስትወስን፣ የእድር ስብሰባ ላይ ቆማ ሪፖርት ስታቀርብ ታያለች። እናቷ ከዚህ በፊት ባንክ ትሰራ እንደነበረ፣ ፈልጋ እንዳቆመች ታውቃለች። ነገ ፓይለት እሆናለሁ ብትል ደስ ይለኛል፣ ልጆቼን ቤት ሆኜ አሳድጋለሁ ብትልም ደስ ይለኛል። ደስ የማይለኝ ሰው መርጦላት ስታደርገው ነው።

አሁን ዋናው ላይ ደረስኩ፣ «ደስተኛ ነኝ ስትል ራሷን እያታለለች ነው»። ሰው ስለራሱ ደስታ ሲናገር «አይ አይደለህም» ማለት በጣም ከባድ ነገር ነው፣ እኔ አንድ ባንክ የምትሰራ ጓደኛዬን «ስራሽን አትወጂውም፣ የምትወጂው ይመስልሻል» ብላት ምን ትለኛለች? ግን ተናድጄ ብቻ አልለፈው፣ ደስታው ምን እንደሆነ ልናገር፣ ምናልባት ማንም በደንብ ነግሯት አያውቅ ይሆናል።

አንደኛ ሙያው ራሱ ያስደስታል። እንጀራ ቀላል የሚመስለው ጋግሮ የማያውቅ ሰው ነው። ጤፉን በእርሾ አቡክተሽ ቀን ጠብቀሽ ላዩ ላይ የቋጠረውን ውሃ ትደፊያለሽ፣ አብሲቱን ጥለሽ እስኪነሳ ትጠብቂያለሽ፣ ክረምት ሲሆን ሊጡ ይዘገያል ስለዚህ ቀኑን ማስላት አለብሽ፣ ምጣዱን በጎመን ዘር ታስሺዋለሽ፣ መብራት እንዳይጠፋ ደሞ እየጸለይሽ ነው። መጀመሪያ ላይ የኔ እንጀራ ወይ ይደርቃል ወይ አይኑ ይጠፋል ነበር። አማቴ እትዬ እየመጡ አጠገቤ ቆመው «ቀጠን አድርጊው፣ አይ አሁን በዛ፣ ክደኚው» እያሉ አስተማሩኝ። አሁን አክንባሎውን ሳነሳ ሙሉውን አይን አውጥቶ ሳየው የሚሰማኝ ነገር ባንክ የዓመት ሂሳብ ስዘጋና ሳንቲሙ ሲገጥም ይሰማኝ ከነበረው አያንስም፣ እውነቴን ነው።

ሁለተኛ ሰዓቱ። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቦርሳውን ገና ሳያወርድ ነው ሁሉንም የሚያወራው፣ ማን እንደገፋው፣ ቲቸር ምን እንዳለች፣ ማን ምሳውን እንዳካፈለው። ያቺ ግማሽ ሰዓት ካለፈች አለቀ፣ ማታ «ዛሬ እንዴት ነበር?» ብትይው «ጥሩ» ብሎ ዝም ነው። እኔ ድሮ «ጥሩ» የምትለዋን ብቻ ነበር የማገኘው። አሁን ሙሉውን አገኛለሁ። ልጄን ክፍል ውስጥ የሚያስቸግረው ልጅ እንደነበረ በመጀመሪያው ሳምንት ያወቅኩት በዚህች ሰዓት ነው፣ ሄጄ አስተማሪዋን አነጋገርኩና ቆመ።

ሶስተኛ ቋንቋው። የሚማሩበት ትምህርት ቤት ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ቤት ሲመጡ ደሞ ሞባይሉም ካርቱኑም እንግሊዝኛ ነው፣ ትልቁ ልጄ አንድ ሰሞን አማርኛ እየተናገረ በመሀል ቃሉ እየጠፋው ያለቅስ ነበር። ግድግዳው ላይ ፊደል ገበታ ሰቀልኩ፣ ሰላሳ ሶስቱን በሰባት በሰባት፣ 231 ናቸው፣ ከምሳ በኋላ አንድ መስመር አንድ መስመር እያልን ሄድን። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው አንዳንዴ መብራትም ይጠፋል፣ መብራት ሲጠፋ ድሮ እበሳጭ ነበር አሁን ልጆቹ ራሳቸው «እንቆቅልሽ!» ብለው ይጀምራሉ። «ምን አውቅልሽ!» ካላወቁ አገር ስጡኝ እላለሁ፣ አንዴ ትንሿ ዱባይን ሰጠችኝ፣ ወንድሟ «የኛ አገር መሆን አለበት» ብሎ ተጣላትና ጎንደርን ጨመረልኝ። ጎንደር ሄጄ ምን አጥቼ ስላቸው ሳቃቸው ጎረቤት ይሰማል።

ድካም የለም አላልኩም። ልጅ ሲታመም ሌሊቱን ሙሉ ነው፣ ልብስ አጥበሽ ሳትጨርሺ ሌላ ይቆለላል፣ አዋቂ ሰው ማናገር የሚናፍቅሽ ቀን አለ። ለዛ ነው ጎረቤቶቼና እኔ ከሰዓት ቡና ተራ በተራ የምናፈላው፣ አቦል ቶና በረካ ድረስ፣ እና እዛ ነው ማን ጥሩ ሞግዚት እንደምትፈልግ፣ የማን ልጅ ትኩሳት እንደያዘው፣ የማን ቤት ችግር እንዳለ የሚታወቀው። ጸሐፊዋ «ቡና ላይ ሀሜት» ያለችው ይሄንን ነው። ባለፈው አንዷ ጎረቤታችን ስትወልድ ገንፎውንም አጥሚቱንም ትልልቅ ልጆቿን ትምህርት ቤት ማድረሱንም የሸፈነው ይሄው የቡና ቡድን ነው፣ ቤት የዋልነው ሰዎች።

«ልጆቹ ሲያድጉ ባዶ እጇን ትቀራለች»። ይሄ ስጋት እኔም አለኝ፣ አልክድም። ትንሿ ትምህርት ቤት ሙሉ ቀን ስትጀምር ለሱቆችና ለትንንሽ ድርጅቶች ሂሳብ መያዝ ልጀምር ነው ያሰብኩት፣ ከወዲሁ የታክስ ህጉ ሲለወጥ እያነበብኩ ነው። ግን ባዶ እጅ የሚያስቀረው ልጅ ማሳደጉ አይመስለኝም። የስራ ማስታወቂያዎችን እዩዋቸው፦ «ዕድሜ ከ35 ዓመት በታች»፣ «ተከታታይ የስራ ልምድ»። ዓመታት የሰራች ሴት ልጇን አሳድጋ ስትመለስ በሩን የሚዘጋባት ይሄ ነው። የመንግስት መስሪያ ቤቶች የህጻናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ በ2010 ዓ.ም በወጣው የሲቪል ሰርቪስ አዋጅ 1064 ተደንግጎ ነበር፣ የግሉስ? እህቴ ብዕርሽ ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰውም ያነብሻል፣ ስለዚህ የሚቀጥለውን ለቀጣሪዎች ጻፊው፣ የዕድሜ ገደቡን አንሱ፣ ልጅ ያሳደገችበትን ዓመት እንደ ጥፋት አትዩባት በያቸው። እሱን ስትጽፊ እኔም ለማውቀው ሰው ሁሉ እልከዋለሁ።